ሥሩን ይዘን ፍሬውን እንስጥ፦ ስለ መድኃኒት ዕፅዋታችን የጁሙዓ ማስታወሻ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችን ሱረቱል ከህፍን ቀርተናል፤ ያልቀራንም ከመግሪብ በፊት እንቀራለን ኢንሻአላህ። በሱራው ውስጥ የባለ ሁለቱ አትክልት ሰውዬ ታሪክ አለ (አል-ከህፍ 32–44)። አላህ ሁለት የወይን አትክልቶች ሰጠው፤ ዙሪያቸውን በተምር ዛፍ ከበበለት፤ በመካከላቸው አዝመራ አበቀለለት፤ ወንዝም አፈሰሰለት። ሰውዬው ግን ኮራ። በባልንጀራው ላይ በሀብቱና በወገኑ ተመካ። ይህን ስህተቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በኹጥባም በደርስም ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል።

አንድ ሌላ ስህተት ግን አለው፤ ብዙ ጊዜ አንብበን የምናልፈው። አትክልቱን አይቶ ይህ ነገር መቼም ይጠፋል ብሎ አላሰበም። ስላለ ብቻ ሁልጊዜ የሚኖር መሰለው። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ፤ አትክልቱ ወደመ፣ እሱም ባወጣው ወጪ እየተጸጸተ እጆቹን ያገላብጥ ጀመር።

የዛሬው ማስታወሻችን ስለዚህ ሁለተኛው ስህተት ነው። እኛም እንደዚያ ሰውዬ አትክልት ተሰጥቶናልና። ተራራችን፣ ጓሯችን፣ የመስጂዳችን ግቢ፣ የመቃብር ቦታችን፣ ከመንደራችን በላይ ያለው ጫካ ሁሉ አላህ መድኃኒት ያበቀለበት አትክልት ነው። እኛም «ይህ የት ይሄዳል?» ብለን ተቀምጠናል።

🌿 «ስንተክል ማን አየን?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኪታብ ወደ ቀራሁበት ደጋ ገጠር ተመልሼ ሄጄ ነበር። ደረሳ ሳለን ከመስጂዱ ጀርባ ያለው ኮረብታ ፋርማሲያችን ነበር። ምች የመታው ልጅ ካለ ዳማከሴ ቀንጥሰን፣ በእጃችን አሽተን፣ ጭማቂውን እንቀባዋለን። ጉንፋንና ሳል ሲበረታ ደግሞ የቀበሪቾ ሥር ፍም ላይ ተደርጎ ይታጠናል። ይህን ሁሉ ያሳዩን ለደረሳው ምግብ ያመጡልን የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። ሁላችንም «እማማ» ነበር የምንላቸው።

በሄድኩበት ቀን እማማን ቤታቸው አገኘኋቸው። ዳማከሴው ከጓሯቸው አለ። ኮረብታው ግን ተራቁቷል፤ ከላይ እስከ ታች ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ቀበሪቾው የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ገበያ ነዋ!» አሉኝ እየሳቁ። «ጣት የምታህለውን ሥር በገንዘብ እንገዛለን።»

«ማን ጨረሰው ታዲያ?»

«ማን ይጨርሰዋል ልጄ፣ እኛው ነና! ስንቆፍር እንጂ ስንተክል ማን አየን?»

ይህቺ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ነገሩ ሁሉ እሷ ውስጥ ነው። ማንም ክፉ አስቦ ያጠፋው የለም፤ ሁሉም የሚያስፈልገውን ቆፍሮ ሄደ፣ የሚተካ ግን አልነበረም።

🌿 መድኃኒቱ ሰበብ ነው፣ ፈዋሹ አላህ ነው

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። አንዳንድ ወጣቶች ስለ ባህል መድኃኒት ሲነሳ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ይህ የጠንቋይ ነገር ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቅጠልን ከጥንቆላ ጋር አደባልቀው ይይዛሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ፈውስ ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ነግረውናል፤ ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለ ጥቁር አዝሙድ የተናገሩትንም ከእናንተ የማያውቅ የለም። ቁርኣኑም በሱረቱ ነሕል (68–69) ንብ ከየፍሬው እንድትመገብ መታዘዟን፣ ከሆዷም ለሰዎች ፈውስ ያለበት መጠጥ እንደሚወጣ ይነግረናል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፈውሱ ማር ነው፤ ማሩ ግን የሚጀምረው ከአበባ ነው። አገራችን ውስጥ የግራዋ ማር፣ የብሳና ማር እየተባለ በስም የሚታወቀው ለዚህ ነው። ንቧ የምትቀስመው የአገር አበባ ካለቀ ማሩ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ዕፅ ሰበብ ነው። ዕፁ በራሱ ይፈውሳል ብሎ ማመን፣ ወይም ሥሩን አንገት ላይ አስሮ ከጂን ይጠብቀኛል ማለት የተውሒድ ችግር ነው። ሰበቡን አላህ እንደፈጠረው አውቆ፣ በትክክለኛው መንገድ ተጠቅሞ፣ ልብን ከአላህ ጋር ማድረግ ግን የነብያት መንገድ ነው። ሰበቡን ማጥፋትስ? አላህ ያስቀመጠልንን ፈውስ በእጃችን ነቅሎ መጣል ማለት ነው።

🌿 በእጃችን ያለው ምንድነው? እንዴትስ ነው የሚጠፋው?

በኢትዮጵያ ምድር ወደ 6,000 የሚጠጉ የከፍተኛ ዕፅዋት ዝርያዎች እንደሚገኙ ይገመታል። ከእነዚህ አሥር በመቶ ያህሉ ከአገራችን ውጭ የትም አይበቅሉም። በመድኃኒትነት የሚታወቁት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይሉ የለ አባቶቻችን? ሦስቱን ብቻ ላንሳ፤ ሦስቱም የሚጠፉበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ።

አንደኛው ቀበሪቾ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚበቅል፣ ራሱ እንደ ኳስ የከበበ እሾሃማ ተክል ነው። ሰው የሚፈልገው ሥሩን ነው። ሥሩ ሲቆፈር ተክሉ ይሞታል። ዘሩን ሳያራግፍ ከተቆፈረ ደግሞ የነገው ትውልድም አብሮ ይሞታል።

ሁለተኛው ጥቁር እንጨት ነው፤ በኦሮምኛ ሆሚ ይባላል። ከደጋ ጫካዎቻችን ትላልቅ ዛፎች አንዱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተራሮች ላይ ይበቅላል። ከቅርፊቱ የሚወጣው ንጥረ ነገር አውሮፓ ውስጥ ለወንዶች የፕሮስቴት እጢ ማበጥ መድኃኒት ይሠራበታል። በዚህ ምክንያት እንደ ካሜሩንና ማዳጋስካር ባሉ አገሮች ብዙ ቅርፊት ተልጦ ወደ ውጭ ተልኳል። ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይቲስ በተባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ዛፍን ዙሪያውን ከላጡት እንደታረደ ቁጠሩት። ምግቡ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጥ ነውና ሥሩ ተርቦ ይሞታል። ከአንድ ጎን ትንሽ ቅርፊት የተወሰደበት ዛፍ ግን ቁስሉን ሊሽር ይችላል።

ሦስተኛው ኮሶ ነው። ስሙን ስትሰሙ ፊታችሁ እንደተጨማደደ አውቃለሁ፤ «እንደ ኮሶ የመረረ» የምንለው በከንቱ አይደለም። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት የሴቴዋን ዛፍ አበባ ነው። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፉ ለየብቻ ነው። አበባውን መልቀም ዛፉን አይገድለውም። ኮሶን እየጨረሰው ያለው ሌላ ነገር ነው፦ ለጣውላ መቆረጡና የደጋው ጫካ ወደ እርሻ መቀየሩ። ደግሞም ሴቴዋ ብቻዋን ብትቀር ወንዴ ከሌለ ዘር የለም። አንድ ዛፍ አስቀርተን «ኮሶ አለን» ብንል ራሳችንን ማታለል ነው።

አያችሁ? አንዱ በሥሩ፣ አንዱ በቅርፊቱ፣ አንዱ በእንጨቱ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ «ጫካ እንጠብቅ» ብሎ መናገር ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱን ተክል በምን እንደሚሞት ማወቅ ያስፈልጋል።

🌿 የዑመር መሬት

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ታላቅ ሐዲስ አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ኸይበር ውስጥ መሬት አገኙ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ውድ ንብረት አግኝተው አያውቁም። ምን ላድርገው ብለው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። የተሰጣቸው ምክር በአጭሩ ይህ ነው፦ ከፈለግክ ዋናውን ያዘው፣ የሚያፈራውን ሰደቃ አድርገው።

ዑመርም እንዲሁ አደረጉ። መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ወሰኑ። ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ባሪያ ነጻ ለማውጣት፣ በአላህ መንገድ፣ ለእንግዳና ለመንገደኛ እንዲሆን አደረጉ። የሚያስተዳድረው ሰውም ሀብት ሳያከማችበት በአግባቡ ቢበላ ኃጢአት የለበትም አሉ። ዑለማዎች ስለ ወቅፍ ሲያስተምሩ መሠረት የሚያደርጉት ይህን ሐዲስ ነው።

ሐዲሱ ውስጥ «ዋናው» ብዬ ያልኩት በዐረብኛው «አስል» ይባላል። የአስል የመጀመሪያ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሥር ማለት ነው። ሥሩን ያዝ፣ ፍሬውን ስጥ።

መድረሳ ሳለሁ ይህን ሐዲስ በፊቅህ ኪታብ፣ በወቅፍ ምዕራፍ ነበር የቀራሁት፤ የገንዘብና የሕንፃ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እማማ ቤት ከሄድኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር አየሁበት። እኛ በኮረብታው ላይ ያደረግነው የዑመርን ተቃራኒ ነው፤ ሥሩን ነቅለን በላን፣ ለሚመጣው የሚተርፍ ፍሬም አላስቀመጥንም። እስልምና ደግሞ ሥሩን ይዘህ ተጠቀም፣ ከአንተ በኋላ ለሚመጣውም አስተርፍ ይላል። መጠቀምን አልከለከለም። አስተዳዳሪው እንኳ በአግባቡ ይብላ ብሏል። የከለከለው ዋናውን መጨረስን ነው።

ይህ ደግሞ ለእስልምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ ከልክለዋል። በሸሪዓ ሒማ የሚባል ሥርዓትም አለ፤ ለጋራ ጥቅም ሲባል ከግጦሽና ከመቁረጥ የሚከለል መሬት ነው። ዛሬ በየገጠራችን ከሰውና ከከብት ንክኪ ነጻ እየተደረጉ የሚከለሉት ተራሮች ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባሉ። በተከለሉባቸው ቦታዎች ማንም ሳይተክላቸው የአገር ዛፎች ከተቀበረው ዘርና ከጉቶው ራሳቸው ሲያቆጠቁጡ ታያላችሁ። ሱብሐነላህ! ጠባቂ እንጂ አብቃይ እንኳ አያስፈልግም።

🌿 ዕውቀቱስ? የልብስ አጣቢዎቹ እንዶድ

ተክሉ ቢኖር የሚያውቀው ሰው ከሌለ ግማሹ ጠፍቷል ማለት ነው። የእንዶድን ታሪክ ስሙ።

እናቶቻችን ሳሙና ከመምጣቱ በፊት ልብስ የሚያጥቡት በእንዶድ ፍሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠና አድዋ ሄደ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት በወንዝ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አክሊሉም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ይህንን መነሻ አድርጎ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው አንድ ነገር ነው። እናቶቹ እንዶዱን ባይጠቀሙበት ኖሮ ተመራማሪው የሚያየው ነገር አይኖርም ነበር። ተመራማሪው ቆም ብሎ ባያይ ኖሮ ደግሞ ነገሩ ወንዝ ዳር ይቀር ነበር። የእናቶች ዕውቀትና የዩኒቨርሲቲ ዕውቀት ሲገናኙ ነው ኸይር የመጣው። እናንተ የዚህ ገጽ ተከታታዮች ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች ናችሁ። ሁለቱን ማገናኘት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

የቀደሙ ሙስሊም ሊቃውንትም እንዲህ ነበሩ። ከማላጋ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1248 ደማስቆ የሞተው ኢብኑል በይጧር ከ1,000 በላይ መድኃኒቶችን የመዘገበ ታላቅ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። በዚያው ዘመን የነበረው ረሺዱዲን አስ-ሱሪ ደግሞ ወደ ተራራ ሲወጣ ቀለም የያዘ ሠዓሊ ይዞ ይሄድ ነበር። አንዱን ተክል ለምለም ሳለ፣ ዘር ሲይዝ፣ ሲደርቅም እያሳየ ያስሥለው ነበር። እኛ ያ ሠዓሊ ኪሳችን ውስጥ ነው ያለው፤ ስልካችን ነው። ምን አሳየነው?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በዚያ ጉብኝት እማማ ስለ አንድ ቅጠል አጫውተውኝ ነበር፤ ሸኻችን ደረታቸውን ሲያማቸው አፍልተው ያጠጧቸው ስለነበረው። «በሌላ ጊዜ አሳይሃለሁ፣ ወንዙ ማዶ ነው» አሉኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ድምፃቸውን አልቀዳሁም፤ የቅጠሉንም ስም አልጻፍኩም። «ሌላ ጊዜ» አልኩ። በተከታዩ ረመዳን እማማ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው። ቅጠሉ ዛሬም ወንዙ ማዶ ይኖር ይሆናል፤ ባየው እንኳ አላውቀውም። ያን ጊዜ የከህፉ ሰውዬ እጁን ለምን እንዳገላበጠ ገባኝ።

🌿 ጥንቃቄ! ያላወቀ አይድፈር

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ቅጠል እያፈላ ሰው ማከም የሚጀምር እንዳይኖር አደራ። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚገልጽ ሐዲስ አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። «አገር በቀል ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። ኮሶ ከመጠን ካለፈ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ የዓይን ብርሃንም እስከ መጉዳት ይደርሳል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደጋ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት ቅጠሉን ብቻ አልነበረም፤ መጠኑን፣ ጊዜውንና ለማን እንደማይሰጥም ያውቁ ነበር።

ስለዚህ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የቤት መድኃኒት የወሰደም ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። የእኛ ሥራ ማከም ሳይሆን መጠበቅ ነው፤ ተክሉንም ዕውቀቱንም።

🌿 ከየት እንጀምር? የመድኃኒት ዕፅዋት ጫካ

እኛ በትንሹ ሞክረነዋል። ከመድረሳ ልጆች ጋር ሆነን ከመስጂዱ ግቢ ጥግ ላይ አንድ ቦታ ከለልን። መጀመሪያ ተሳሳትን። ኮሶ ተከልን፤ ቦታችን ለኮሶ ዝቅተኛና ሞቃት ስለሆነ አብዛኛው ደረቀ። ዳማከሴ ተከልን፤ አጥር ስላልነበረው ፍየል ገብታ አወደመችው። ከስህተታችን የተማርነውን ለእናንተ ላካፍል።

1. ቦታውን በግልጽ ያዙ። የመስጂድ ግቢ፣ የመቃብር ቦታ ዳርቻ ወይም የማኅበረሰብ ደን ሊሆን ይችላል። ከመስጂዱ ኮሚቴ፣ ከሽማግሌዎችና ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩ። በመቃብር አካባቢ ከሆነ የመቃብሩን ክብር ጠብቁ። «ለማን ነው? ማን ይጠብቀዋል? ማን ምን ያህል ይወስዳል?» የሚለው ከመጀመሪያው ይጻፍ። የዑመርም ወቅፍ ሁኔታዎቹ የተወሰኑ ነበሩ።

2. ያለውን አትንቀሉ። ብዙ ጊዜ «ልናለማ» ብለን ቁጥቋጦውን መንጥረን ነው የምንጀምረው። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌና አንዲት እናት ይዛችሁ ቦታውን ዙሩ። የምትመነጥሩት ቁጥቋጦ መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

3. ለአየሩ የሚስማማውን ምረጡ። ኮሶና ጥቁር እንጨት የደጋ ናቸው። ብሳና፣ ግራዋ፣ ሰንሰልና እንዶድ በወይና ደጋም ይመቻቸዋል። ሽፈራው የደቡቡ ቆላ ልጅ ነው፤ ኮንሶዎች ከእርሻቸው ጋር አብረው ያኖሩታል። ችግኝና ዘር በተቻለ መጠን ከአካባቢያችሁ አምጡ።

4. እንደ ጫካ ደርባችሁ ትከሉ። ከላይ ረጃጅሞቹ፦ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት። ከመካከል ብሳናና ግራዋ። እንዶድ ተንጠላጥሎ ይወጣል። ከሥር ዳማከሴና ጦስኝ፤ ፀሐይ የሚፈልገውን ጦስኝ ጥላ ወደሌለበት ዳር አድርጉት። ሰንሰልን ዙሪያውን አጥር አድርጉት፤ ከብት ስለማይደፍረው እኛን ከፍየሏ የገላገለን እሱ ነው።

5. የአወሳሰድ ሕግ ይኑራችሁ። ቅጠል ከሆነ ከአንድ ተክል ሳይሆን ከብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት። ቅርፊት ከሆነ ከአንድ ጎን ብቻ፤ ዙሪያውን መላጥ ፈጽሞ ክልክል። ሥር ከሆነ ተክሉ ዘሩን ሳይጥል አይነካ፤ የቆፈረም ተክቶ ይሂድ። አበባና ፍሬ ከሆነ ለዘር፣ ለወፍና ለንብ የሚተርፍ ይቅር።

6. ስሙን በሁሉም ቋንቋ ጻፉ። ኮሶ በኦሮምኛ ሄጦ ነው፣ ብሳና በከኒሳ ነው፣ ግራዋ ኢቢቻ ነው። አንዱ ስም ሲጠፋ ሌላው ይመራናል። እንደ አስ-ሱሪ ሠዓሊ ፎቶውን በሦስት ጊዜ አንሡ፦ ለምለም ሳለ፣ ሲያብብ ወይም ሲያፈራ፣ ሲደርቅ።

7. የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቁ። የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት በወንዶ ገነትና በጎባ የመድኃኒት ዕፅዋት ማቆያ ቦታዎች አሉት። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ጎብኙ፤ 705 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው።

ባሕር ዛፍ ሐራም ነው አላልኩም! የብዙ ድሃ ቤት ጣሪያና ማገዶ እሱ ነው። ያልኩት ኮረብታውን ሁሉ ለእሱ ብቻ አንስጥ ነው።

🌿 «አሁን የዛፍ ጊዜ ነው እንዴ?»

አንዳንዱ ይህን ይል ይሆናል። ኑሮው ከብዷል፣ ሥራ የለም፣ የኡማው ችግር ብዙ ነው። እውነት ነው። ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቂያማ ቢቆምና በእጃችን ችግኝ ቢኖር እንኳ መትከል ከቻልን እንድንተክለው አዘዋል፤ ሐዲሱን ኢማሙ አሕመድ፣ ቡኻሪም በአደቡል ሙፍረድ ዘግበውታል። የዚያ ችግኝ ፍሬ የሚበላው ማነው? ማንም። ግን ይተከላል፤ መትከሉ ራሱ ዒባዳ ነውና።

ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለትም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እስቲ አስቡት፤ አንተ ቀብር ውስጥ ነህ፤ ከተከልከው ጥቁር እንጨት ላይ ወፍ ፍሬ ትለቅማለች። አንቺ ቀብር ውስጥ ነሽ፤ የማታውቂያት እናት ካቆየሽው ዳማከሴ ለልጇ ትቀነጥሳለች። ይህ ነው ሰደቀቱን ጃሪያ። ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ችግኝ፣ ጥቂት ውኃና ትዕግሥት ብቻ ነው።

🌿 የሳምንቱ የቤት ሥራ

እስከሚቀጥለው ጁሙዓ ድረስ ሁለት ነገር ብቻ እንሥራ።

አንደኛ፣ ከአያታችሁ፣ ከእናታችሁ ወይም ከጎረቤት ካሉ እናት ዘንድ ሂዱ። ቡናቸውን አፍሉላቸው። ስለ አንድ ተክል ብቻ ጠይቋቸው፤ ስሙን፣ የት እንደሚበቅል፣ ለምን እንደሚውል፣ ለማን እንደማይሰጥ። ፈቅደውላችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። በውጭ አገር ያላችሁ በስልክ ጠይቁ። «ሌላ ጊዜ» አትበሉ፤ እኔ ብዬ አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ያ ተክል ዛሬ በአካባቢያችሁ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። ካለ ጠብቁት። ከሌለ ዘሩን ፈልጉ።

አላህ ሆይ! በሰጠኸን ጸጋ ከሚኮሩት ሳይሆን ከሚያመሰግኑት አድርገን። አደራህን ከሚጠብቁት እንጂ ከሚያባክኑት አታድርገን። ለታመሙት ሁሉ ፈውስን ስጥ፤ ቅጠሉን ላሳዩን እናቶችና ኪታቡን ላስቀሩን ሸኾቻችን እዝነትህን አውርድ። የተከልነውን አለምልምልን፤ ከሞትንም በኋላ የማይቋረጥ ሰደቃ አድርግልን። አሚን።

በዚህ ቀን በነብያችን ላይ ሰለዋት ማብዛትን አንርሳ። አላሁመ ሰሊ ወሰሊም ዐላ ነቢይና ሙሐመድ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።